ለእህትዓለም፦ አንድ ነገር ልለምንሽ

እህትዓለም፣ እንደምን አለሽልኝ?

መጥፋቴን አውቃለሁ፤ ይቅር በይኝ። ቤት ሁሉም ደህና ነው። ሌላውን ስንገናኝ። አሁን ከአንቺ የምፈልገው ነገር አለ፤ እንዴት እንደምጀምረው ግን እንጃ።

አንድ መጽሐፍ ይዞኛል። ስቲቨን ብሩክፊልድ የሚባል የትምህርት ምሁር በፈረንጆቹ 1995 ያሳተመው፣ መምህር የራሱን ማስተማር እንዲመረምር የሚያግዝ ነው። ለሲፒዲ፣ ለተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማለቴ ነው፣ ፖርትፎሊዮ ብለን የምንሞላው ዓይነት ቅጽ አይደለም። መምህር ራሱን በአራት በኩል ይመልከት ይላል፦ በተማሪዎቹ ዓይን፣ በባልደረቦቹ ዓይን፣ በራሱ የሕይወት ልምድ እና በንባብ።

ለተማሪዎች አምስት ጥያቄ አለው። ሳምንቱ ሲያልቅ ስም ሳይጽፉ ይመልሳሉ። ልባችሁ ክፍል ውስጥ የነበረው መቼ ነው? የራቀውስ? የማን ድርጊት አገዛችሁ? ግራ ያጋባችሁስ? ምን አስገረማችሁ? መምህሩ ጨምቆ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያነብላቸዋል።

ዘጠነኛ ክፍሎቼን ሞከርኳቸው። በአማርኛ ጻፉ አልኳቸው። አንዱ ምን አለ መሰለሽ? «ቲቸር ጠይቀው ቶሎ ራስዎ ይመልሱታል። እኔ ገና እያሰብኩ ነበር።» ስንቴ እንዳነበብኩት! ሰኞ ለክፍሉ አነበብኩት፤ ከዚያ ጠየቅኩና ዝም አልኩ። ዝምታው አስጨነቀኝ፣ ግን ጠበቅኩ። አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ እጇን አወጣች። ደስታዬን ለማን ልንገር? አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ።

የሚያሳስበኝ ግን አብዛኞቹ «ሁሉም ጥሩ ነው» ብለው መጻፋቸው ነው። ወረቀቱን የክፍል አለቃቸው ቢሰበስበውም የእጅ ጽሑፋቸውን እለየዋለሁ ብለው ይፈራሉ። መምህርን ፊት ለፊት መንቀፍ ደግሞ ነውር ነው ተብለው ያደጉ ልጆች ናቸው። አልፈርድባቸውም። ባልደረቦቼም አንዳችን የሌላችንን ክፍል የምንገባው ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ ነው። ነጥብ ባለበት ማን እውነቱን ይናገራል?

አንቺ ግን አታፍሪም። ፕራክቲከም ላይ፣ ማስተማር ስንለማመድ፣ ኋላ ወንበር ተቀምጠሽ «ከሰሌዳው ጋር ነው የምታወሪው» ያልሽኝን ረሳሽው? ያን ቀን አኩርፌሽ ነበር። አሁን እሱ ነው የሚያስፈልገኝ፤ ይኼን ማለት ትንሽ ይከብደኛል፣ ግን እውነቴን ነው።

እና ተማሪዎቹን አስፈቅጄ አንድ ክፍለ ጊዜ በስልክ ልቅዳና በቴሌግራም ልላክልሽ? እርማት እንደተቆለለብሽ አይጠፋኝም። ሲመችሽ ስሚውና የታዘብሽውን ሁሉ ንገሪኝ፣ እንዳትራሪልኝ። ከፈለግሽ ያንቺንም ላኪልኝ፤ እኔም አልምርሽም። መጽሐፉን ወንድሜ ይዞልሽ ይመጣል፤ በፈረንጆቹ የ2017ቱ፣ ሁለተኛው እትም ነው።

ያንቺው