«ቀና በይ» ያልኳት ተማሪዬ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የልጆች ጀርባ የሚጎብጠው በከባድ ቦርሳና ስልክ ላይ አቀርቅሮ በመዋል ነው የሚለውን ጽሑፋችሁን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ የማስተምር መምህርት ነኝ።

አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። ጠመኔ ሲወድቅባት እንደ እኩዮቿ ጎንበስ ብላ አታነሳም፤ ጀርባዋን እንጨት አስመስላ፣ እጇን ጭኗ ላይ ተደግፋ ቁጢጥ ትላለች። የጨዋ ልጅ ቁጥብነት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ትከሻዋ ወደፊት ሲያዘነብል ደግሞ «ቀና በይ» እያልኩ ወራት አለፉ። ጎረቤት እናቷን «አብሽሪ፣ ጀሪካን ስታዝል ወለም ብሏት ነው» አላቸው፤ ወጌሻ ዘንድ ወስደው በቅቤ አሳሿት። አንድ ክሊኒክም የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኛት። በመጨረሻ ደሴ ራጅ ስትነሳ የአከርካሪ ቲቢ ሆኖ ተገኘ።

ይህ በሽታ የአከርካሪን አጥንት ከፊት በኩል ይበላል፤ ፊቱ ሲፈርስ ጀርባው ሾጥጦ ወደኋላ ይወጣል። ሳል ላይኖረው ይችላል። ከዘገየ ነርቭ ተጭኖ እግር ያሰንፋል።

የላይኛው ጀርባ በተፈጥሮውም ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፤ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ድረስ እንደ ጤነኛ ይቆጠራል። ከአቀማመጥ የመጣ ጉብጠት ልጁ ቀጥ ሲል ወይም በጀርባው ሲተኛ ይጠፋል፤ እሱን የጀርባ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ያስተካክለዋል። በጉርምስና የሚመጣው የሾየርማን በሽታ ግን ቀጥ በማለት አይጠፋም፤ አጥንቶቹ ራሳቸው እንደ ሽብልቅ ስለሚሆኑ፣ ልጁ አድጎ ሳይጨርስ በደጋፊ ቀበቶ ይገታል፤ ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ጉብጠቱ ሲከፋ ነው። ጽሑፋችሁ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቦርሳ ውስጥ ከቷቸዋል።

የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ተማሪዬ ዓመት ሙሉ ወስዳ ጨርሳለች፤ ሌሊት ታስለቅሳት የነበረችው ሕመም ለቃታለች። ጉብታው ግን አብሯት ቀረ፤ መድኃኒት በሽታውን ቢያቆመውም የፈረሰ አጥንት አያቃናም።

ስለ ቲቢ ሲነገር ሁልጊዜ የሚጠየቀው ሁለት ሳምንት ስላለፈው ሳል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲሄዱ የልጆችን ጀርባም ገልጠው ይዩልን፤ እኛም መምህራን ልጅ ከመሬት ዕቃ ሲያነሳ እናስተውል። ጋዜጣችሁም በሚቀጥለው ዕትም ይህንኑ ለወላጆች እንዲያወጣልን እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
መምህርት፣ ከሐይቅ