አብርሽ፣ ሰርቨሩን ከመግዛትህ በፊት

ውድ ወንድሜ አብርሽ፣

እንደምን ከረምክ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሁለታችንም በየኑሯችን ተወጠርንና ዝምታው ረዘመ እንጂ ናፍቆቱ ያው ነው።

ባለፈው ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ስጠብቅ ከእህትህ ጋር ተገናኘን። ኮዬ ፈጬ ገብተሃል አለችኝ። እንኳን ደስ አለህ! የደስታና የጤና ቤት ያድርግልህ። የልጆቹን ፎቶና ቪዲዮ የምታስቀምጥበት ሰርቨር፣ ማለትም ቀንና ሌሊት በርቶ የሚቆይ ኮምፒውተር፣ ልትገዛ መሆኑንም ነገረችኝ። ድርጅት ሲጠቀምበት የኖረ ትልቅ ሰርቨር በርካሽ አግኝተሃል አሉ። ይሄን ስሰማ ነው ዛሬውኑ ልጻፍለት ያልኩት። እባክህ እሱን ተወው።

እንደዚያ ያለ ማሽን ሥራ ፈትቶ ቁጭ ብሎ እንኳ ከ100 ዋት በላይ ይበላል። ቀንና ሌሊት ሲሠራ በወር ከ72 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ማለት ነው። 10 ዋት የሚበላ ሚኒ ፒሲ (ትንሽ የጠረጴዛ ኮምፒውተር) ግን 7 ገደማ ነው የሚፈጀው። ታሪፋችን ደግሞ ፍጆታህ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እያደረገ እንደሚሄድ ታውቃለህ። የማራገቢያው ጩኸትም በኮንዶሚኒየም ሳሎን ልጅ አያስተኛም።

ትልቁ ጉዳይ ግን መብራት ነው። እዚህ ከተማው ዳር ሰርቨር ስትመርጥ መጀመሪያ የምትጠይቀው መብራት ሲሄድና ሲመጣ ምን ይሆናል ብለህ ነው። ፍጥነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ትንሽ ማሽን በትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያሠራ ዕቃ) ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። ትልቁን ያው ዩፒኤስ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚሸከመው።

ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ሚኒ ፒሲዎችን ፈልግ፤ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ 7ኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ አይቀበልም። በዊንዶውስ ፈንታ ለሚጫነው ነፃ ሲስተም ለሊኑክስ ግን 7ኛው ከበቂ በላይ ነው። ብዙ የዛሬ ስልኮች የሚቀርጹበትን ኤችኢቪሲ የሚባል የቪዲዮ ዓይነትም በራሱ ቺፕ ከፍቶ ያሳያል። ራም 8 ጊጋ ይኑረው፤ 16 ካገኘህ አትለፈው።

ሱቅ ስትደርስ አትቸኩል። ክዳኑን አስከፍተህ ማራገቢያውን በጣትህ አዙረው፤ ከተንገራገጨ ሌላ አምጣ በል። ከዚያ አስነሳውና ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግባ። መብራት ከጠፋ በኋላ ምን ላድርግ የሚል ምርጫ አለ። እሱን «ፓወር ኦን» ላይ አድርገው። በሻጩ ፊት ገመዱን ንቀለው፣ መልሰህ ሰካው፣ እጅህን ሰብስብ። ማንም ሳይነካው ከተነሳ ያ ነው የኛ ሰፈር ሰርቨር። ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ ተነስተህ ቁልፍ መጫን የለብህም። የድሮ ላፕቶፕ ካለህም አትጣለው፤ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው። ባትሪው እንዳያብጥ ግን ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ምርጫ ካለው አብራው።

ዲስክ ላይ አትሰስት። ሲስተሙ ትንሽ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ላይ ይሁን፣ ፎቶው ሌላ ዲስክ ላይ። ያገለገለ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የሠራበትን ሰዓትና የተበላሹ ሴክተሮች (የዲስኩ ክፍሎች) መኖር አለመኖራቸውን እይ። በማይታመን ዋጋ 16 ቴራ ነኝ የሚል ውጫዊ ኤስኤስዲ ካየህ እለፈው፤ ውስጡ ትንሽ ሜሞሪ ነው። ፋይሉን ሲቀበል ይቆያል፣ ስትከፍተው ባዶ ይሆንብሃል።

ሶፍትዌሩ ቀላል ነው። ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ ጫንበት። ከ1993 ጀምሮ ያለ ነው፣ አያስቸግርም። አንዱን ማሽን እንደ ብዙ ማሽን የሚያሠራው ፕሮክስሞክስም ጥሩ ነው፣ ግን ላንተ ሥራ አሁን አያስፈልግም። ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ በሚያስነሳው በዶከር የፎቶ ማስቀመጫውን ኢሚችን አስነሳ። የስልኮቻችሁን ፎቶ በዋይፋይ በራሱ ይሰበስባል፣ ፊትም ይለያል፤ የትንሿን ልጅህን ፎቶ ብቻ አውጣ ብትለው ያወጣልሃል። ለፊልም ጄሊፊን አለ። ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበውን ኪዊክስን ደግሞ ለልጆቹ ስትል ጫነው። እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋ በላይ ነው። አንዴ ካወረድከው ኢንተርኔት ባይኖርም የቤት ሥራቸውን ይሠሩበታል። እኔ ቤት በጣም የሚወደደው እሱ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንህ። ሁለት ዲስክ በሬይድ ማያያዝ፣ ማለትም አንዱ የሌላውን ግልባጭ ወዲያው እንዲይዝ ማድረግ፣ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አይደለም። በስህተት የጠፋ ፎቶ ከሁለቱም ላይ ይጠፋል። ሌባም ሁለቱንም ነው ይዞ የሚሄደው። የመብራቱ ኃይል አለመመጣጠንም አንዱን አቃጥሎ ሌላውን አይምርም። ስለዚህ ሌላ ዲስክ ግዛ፣ ሬስቲክ በሚባለው የባክአፕ ፕሮግራም ገልብጥበትና እናትህ ቤት አስቀምጠው። እሁድ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ይዘኸው ትመጣና አዲሱን ገልብጠህበት ትመልሰዋለህ። ሬስቲክ በይለፍ ቃል ስለሚቆልፈው ማንም ቢያገኘው አይከፍተውም፤ የይለፍ ቃሉን ግን ወረቀት ላይ ጽፈህ ያዝ። አልፎ አልፎም አንድ ፎቶ ከባክአፑ መልሰህ አውጥተህ እይ።

መርካቶ የምትወርድበትን ቅዳሜ ቀደም ብለህ ንገረኝ፤ አብረን እንሄዳለን፣ ዲስኩን ለመፈተሽ ላፕቶፔን ይዤ እመጣለሁ። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

የዘወትር ወንድምህ