በጦር ጨዋታ ጠጠሮች ላይ ስለሚያያዘው የመረጃ ቅጽ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የጠረጴዛ ጦር ጨዋታዎችን በኮምፒውተር ከሚያጫውቱ ሶፍትዌሮች አንዱ የሆነው ነፃው ቫሳል በእያንዳንዱ ጠጠር ላይ የመረጃ ቅጽ ማያያዝ ያስችላል። ጉዳት፣ ጥይት፣ ድካም የሚመዘገበው እዚያ ነው። ሞጁል (በቫሳል የሚከፈት የአንድ ጨዋታ ፋይል) የሚያዘጋጁ አንባቢዎቻችሁ ይህን ቅጽ ሁሉን ነገር ማጎሪያ ባያደርጉት እንዴት በተሻለ!

ለምሳሌ የማጥቃት ኃይሉ 4፣ መከላከሉ 3፣ እንቅስቃሴው 5 የሆነ የእግረኛ ክፍል እንውሰድ። እነዚህ ቁጥሮች እስከ ጨዋታው መጨረሻ አይለወጡም፤ ስለዚህ ማርከር በሚባለው፣ ተጫዋች በማይነካው ቋሚ እሴት ይቀመጡ። ቅጹ ላይ ከተጻፉ አንዱ ሳያስበው ይሰርዛቸዋል፤ ስህተቱም የሚታወቀው ብዙ ውጊያ በተሳሳተ ቁጥር ከተሰላ በኋላ ነው። በየተራው የሚለዋወጡት ጉዳትና ጥይት ደግሞ ዳይናሚክ ፕሮፐርቲ፣ ማለትም በትእዛዝ የሚለወጥ እሴት፣ ቢሆኑ ይመረጣል። ዝቅተኛው 0፣ ከፍተኛው ለምሳሌ 6 ተብሎ ይገደባል፤ «ጥይት ቀንስ» የሚል ትእዛዝ በምናሌው ላይ ይጨመራል፤ የተደረገውን የሚያስታውቀው ሪፖርት አክሽን ሲታከልበት ለውጡ በቻት መስኮቱ ላይ ይወጣል። ቅጹን ከፍቶ ቁጥር የለወጠ ተጫዋች ግን ለባላጋራው ምንም አልተናገረም። በርቀት በሚካሄድ ጨዋታ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ለቅጹ የሚቀረው በእጅ መጻፍ ያለበት ብቻ ነው፦ የአዛዡ ስም፣ ልዩ ትእዛዝ፣ ማስታወሻ። የግድ ቁጥር ይግባበት ከተባለ፣ ነፃ የጽሑፍ ሳጥን አይስማማውም። ተጫዋቹ «4» ብሎ ከኋላው ባዶ ቦታ ቢተው ሶፍትዌሩ ቃል ነው ብሎ ይወስደዋል። ያኔ 1 ጨምር ሲባል 5 አይሰጥም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ይለጥፋቸዋል። ለጉዳት የምልክት ሳጥኖች፣ ለሌላው በቀስት ከፍና ዝቅ የሚል ቁጥር ይሻላል።

ብዙዎች ልብ የማይሉት ደግሞ ለውጡ የሚጸድቅበት ጊዜ ነው። ቁልፍ በተጫነ ቁጥር እንዲጸድቅ ከተደረገ፣ 12 ለመጻፍ የጀመረ ሰው በመጀመሪያ 1 ያስተላልፋል፣ ቀጥሎ 12። በመሃሉ «ጥይቱ ከ2 በታች ከሆነ» የሚል ስሌት ካለ ጠጠሩ ለቅጽበት ጥይት ያለቀበት መስሎ ይታያል። መስኮቱ ሲዘጋ ወይም ኢንተር ሲጫን እንዲጸድቅ ማድረጉ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

የስም ነገር አጭር ነው። በአንድ ጠጠር ላይ «ጥይት» የሚባል የቅጽ ሳጥንም ዳይናሚክ ፕሮፐርቲም ካለ፣ ስሌቱ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያነባል፤ ተጫዋቹ የሚያየው ሌላኛውን ሊሆን ይችላል። አንድ ስም ለአንድ ነገር ይሁን። እሴቱን ጠጠሩ ላይ ለማሳየት በጽሑፍ መለያው ውስጥ ስሙን በሁለት የዶላር ምልክቶች መካከል መጻፍ ይበቃል፤ ተጫዋቹ ቅጹን በየጊዜው ከመክፈት ይድናል።

ቅጹ ከተሰራጨ በኋላ ሲሻሻል አዲሱ ሳጥን ከመጨረሻው ይጨመር እንጂ መሃል አይግባ። እሴቶቹ በተራቸው ስለሚቀመጡ መሃል የገባው ሳጥን የቀጣዮቹን ቦታ ያዛባል፤ የጥይቱ ቁጥር ድካም ላይ ያርፋል። ጠጠሩ ላይ በቀጥታ የተጨመረ ትሬይትም (እንደ ቅጹና እንደ ማርከሩ ያለ የጠጠር ባሕርይ) ሴቭ በተደረገ ጨዋታ ውስጥ ላሉት ጠጠሮች በራሱ አይደርሳቸውም፤ ጠጠሮቹን ማደስ ያስፈልጋል። ይህ መሠራት ያለበት በፋይሉ ቅጂ ላይ ነው።

ድብቅ ክፍሎች ባሉበት ጨዋታ ጠጠሩን ከባላጋራ የሚሸፍነው ማስክ በትሬይቶቹ ዝርዝር ከቅጹ በታች መቀመጥ አለበት፤ የሚሸፍነው ከበላዩ ያሉትን ብቻ ነውና። ሞጁሉ ከመሰራጨቱ በፊት በሁለት ኮምፒውተር ይከፈት፤ በአንዱ ጠጠሩ ይሸፈን፣ በሌላው በቀኝ ጠቅ ተደርጎ ቅጹ በምናሌው ላይ መኖር አለመኖሩ ይታይ።

ከአክብሮት ጋር