ደብዳቤ ለልጄ፦ ዘር ከአንድ ዛፍ አትልቀሚ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሽሮና በርበሬ ከሹፌሩ ጋር ልካልሻለች፤ እቃው የማን እንደሆነ ታውቂያለሽና ባዶውን እንዳትጥይው።

እሑድ ዕለት ስልክ ላይ እንደ ዋዛ የጣልሽው ቃል እንቅልፍ ነስቶኛል። በተመደብሽበት በሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን የችግኝ ኮታሽን ለመሙላት የኮሶውን ዘር «ከመንገድ ዳር ካሉት ሁለት ትልልቅ ዛፎች ለቅሜ ጨረስኩ» አልሽኝ። አልጨረስሽም፤ ገና አልጀመርሽም። ዘር ከአንድ ዛፍ አትልቀሚ። ከሁለትም አትልቀሚ። እናትሽ «ገና በሥራ የመጀመሪያ ወሯ አታስጨንቃት» ብላኛለች፤ ባስጨንቅሽ ይሻላል።

ኮሶ፣ ፅድና ዝግባ ወንዱ ዛፍ ሌላ፣ ሴቷ ዛፍ ሌላ ነው። ኮሶን በአበባው ትለያለሽ፤ ሴቷ ወደ ቀይ የሚያደላ ወፍራም ዘለላ ታንጠለጥላለች፣ የወንዱ ሳሳ ያለና ወደ ነጣ ቢጫ የሚሄድ ነው። ለኮሶ ትል መድኃኒት ሲቆረጥ የኖረው በተለይ የሴቷ አበባ ስለሆነ፣ ቤት አጠገብ ያለች ሴት ኮሶ ብዙ ጊዜ ዘር ሳትጥል ትራቆታለች። ደኑ ሲመነጠርና ዛፎቹ ሲራራቁ ደግሞ ከወንዱ ርቃ የቆመች ሴት ፅድ ፍሬ ብታፈራም ከዘሯ ብዙው ባዶ ይሆናል። ባዶ ዘር ዘርተሽ ውሃው አነሰ፣ አፈሩ ከፋ ስትዪ ዓመቱ ያልፋል። ዘሩ በቅሎ ቢያድግ እንኳ ሺህ ችግኝ ሁሉ የአንዲት እናት ልጅ ከሆነ፣ አንዱን የጣለ ድርቅ ወይም በሽታ ሁሉንም ይጥላል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ቢያንስ 30 እናት ዛፍ ምረጪ። በአንዷና በሌላዋ መካከል 100 ሜትር ያህል ይኑር፤ ተጠግተው የበቀሉት እህትማማቾች ሊሆኑ ይችላሉና። ከእያንዳንዷ እኩል መጠን ውሰጂ። አንዷ አብዝታ ስላፈራች ከእሷ ጆንያ ሞልተሽ ከሌሎቹ ጭብጥ ጭብጥ ብትይ፣ ያው ከአንድ ዛፍ ለቀምሽ ማለት ነው። የኮሶ ዘለላ ቀይነቱ ጠፍቶ ቡናማ ሲሆንና በመዳፍሽ ስታሺው ሲፈረፈር ደርሷል። ከዛፉ ሥር ሸራ ዘርጊ፣ ጫፉ ቆልመም ባለ ረጅም ዘንግ ስበሽ አራግፊ። ያረጀ ኮሶ ላይ አትውጪ! ቅርንጫፉ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ የበሰበሰ ይሆናል። ሌላ ሰውም እንዳታስወጪ፤ የቀን ሠራተኛም የሰው ልጅ ነው።

የፅዱን ፍሬ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ልጣጩን አሽተሽ አውጪ፤ ከዚያ ዘሩን ንጹሕ ውሃ ላይ ጨምሪው። የሚንሳፈፈው አብዛኛው ባዶ ነው፣ የሰመጠውን ያዢ። ይህ ለኮሶ አይሠራም፤ ከቀላልነቱ የተነሣ ደህናውም ይንሳፈፋል። ከእያንዳንዷ እናት ፅድ 20 ዘር በምላጭ ሰንጥቂ፤ ነጭና ሙሉ አስኳል ያለው አምስት እንኳ ካልሞላ ያችን ዛፍ ተያት። ጥቁር እንጨት የሚባለውን ዛፍ ፍሬ ካገኘሽ ግን ፀሐይ ላይ እንዳታሰጪው፤ ዘሩ ከደረቀ ይሞታል፣ ሥጋውን አጥበሽ በዚያው ሰሞን ዝሪው። ለፕሮስቴት መድኃኒት ሲባል ቅርፊቱ እየተላጠ በብዙ የአፍሪካ ተራሮች የተጎዳ ዛፍ ነው፤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በፈቃድ ብቻ እንዲሆን የተደረገው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። ከ30ው እናት ዛፍ አሥሩን ከጫካው ታችኛው ጠርዝ ፈልጊ። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አየሩ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ዛፉ የለመደውን ቅዝቃዜ ለማግኘት 170 ሜትር ገደማ ሽቅብ መውጣት አለበት ማለት ነው፤ የሚወጣው ደግሞ በዘሩ ነው። ሽቅቡስ ምን አለ? አንቺ ባለሽበት አገር ከጫካው በላይ የገብስ ማሳና የበግ ግጦሽ ነው። ሙቀቱ ከታች ይገፋዋል፣ እርሻው ከላይ ይዘጋበታል። በትግራይና በአፋር ወሰን ያለውን የደስአ ደን አስቢ፤ ፅዱም ወይራውም በታችኛው በኩል እንደቆመ የደረቀበት ነው። ስለዚህ በታችኛው ጠርዝ ሙቀቱንና ድርቁን ችላ ዛሬም ዘር የምትሰጥ ዛፍ፣ ጎስቋላ ብትመስልም፣ ቀጥ ካለችው የመሀል ጫካ ዛፍ አትናቅም። የታችኛውን ዘር ሽቅብ 200 ሜትር ያህል ብታወጪው መልካም ነው፤ 600 ሜትር ብታወጪው ውርጭ ይጨርሰዋል።

ወፍ ዋሻ መመደብሽን ስሰማ ደስ ያለኝ ያለ ነገር አይደለም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከዚያው ከወፍ ዋሻ የፅድ ዘር አስመጥተው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በወጨጫ ተራራ አስተከሉ ይባላል። ዛሬ መናገሻ ሱባ የምንለው ደን ነው። ከተርማበር ገደል እስከ ወጨጫ ስንት ቀን በበቅሎ እንደሆነ አስቢው። አንድ ቁና ዘር ይዘው አልሄዱም፤ አገሬውን አስወጥተው ከየሸንተረሩ ያስለቀሙ ይመስለኛል፤ በትንሽ ዘር ያን የሚያህል ጫካ አይቆምምና። ኋላ ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ የእንጦጦና የአካባቢው ጫካ በጥቂት ዓመት ማገዶና ማገር ሆኖ አለቀ። ንጉሡ ከተማውን ትተው ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። አዲስ አበባን ያስቀራት ባህር ዛፍ ነው ይባላል። አንቺ ዩኒቨርሲቲ ከገባሽ ጀምሮ ባህር ዛፍ ሲነሣ ፊትሽን ታጨማድጃለሽ፤ ተይ። ምንጭ አጠገብና ጫካ ውስጥ አታስተክዪ እንጂ፣ ገበሬው ከጓሮው ባህር ዛፍ ካልቆረጠ ፅዱን ነው የሚቆርጠው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ፅድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ክልከላ ማገዶ አይሆንም። አህያ ጭነው የሚወርዱትን ሴቶች እንዳትቆጪ፤ ምን እንደሚያነዱና ቅዳሜ ገበያ ስንት እንደሚሸጡ ጠይቂያቸው።

አሁን ወደ ችግኝ መደቡ ልለፍ። የኮሶን ዘር ከደቃቅ አሸዋ ጋር ደባልቀሽ በተነፋ አፈር ላይ በትኚ፤ የሚሸፍነው አፈር ዘሩን ብቻ የሚደብቅ ይሁን። ጠልቆ ከተዘራ አይወጣም። ሳር አልብሺው፣ ወንፊቱ ደቃቅ በሆነ ማጠጫ ጠዋት አጠጪ፤ በባልዲ ካፈሰስሽበት ዘሩ ተጠራርጎ ጥግ ላይ ይከማቻል። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆን ብቅ ይላል፤ ያኔ ሳሩን አንሺና ዳስ ሥሪለት። ቡቃያው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮ ከተጋደመ ውሃ አብዝተሻል ወይም አጭቀሽ ዘርተሻል፤ አሳሺው። አራት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ፕላስቲክ አዛውሪ፦ ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ የደን አፈር ወይም የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ። ኮሶ ቶሎ ያድጋል። ፅድ ግን ዓመት ያህል ስለሚፈልግ ለዘንድሮ ሐምሌ አይደርስም፤ ይህን ለአለቃሽ ዛሬውኑ በጽሑፍ አሳውቂ፣ ኋላ «ለምን አልደረሰም» ተብለሽ ታለቅሻለሽ።

የመትከያው ጉድጓድ 40 ሴንቲ ሜትር በ40 ሆኖ ከአንድ ወር በፊት ይቆፈር። ዝናቡ አፈሩን 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ሳያርስ አትትከዪ፤ ነሐሴ ካለቀም አትትከዪ፣ ሥር ሳይሰድ በጋ ይይዘዋል። ፕላስቲኩን ቅደጂና አውጪ። በዘመቻ ቀን ከነፕላስቲኩ የሚቀበር ችግኝ ስንት እንደሆነ ብታዪ ታዝኛለሽ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ሲነገር ሁሉም የጠየቀው ቁጥሩን ነበር። አንቺን የምጠይቅሽ ስንቱ በሦስተኛው ዓመት ቆሞ እንዳለ ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ከሆንሽ ሜዳ ላይ አታስቀምጪው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለጋ ኮሶ ያቃጥላል፣ አስታ ወይም ሌላ ቁጥቋጦ ተጠግቶ ይተከል። ቦታው ቢያንስ ለሦስት ዓመት ከንክኪ ነፃ ካልሆነ በግና ፍየል ጫፉን እየበሉ ያስቀሩታል። ኮሶ ያለቀው በመጥረቢያ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ቦታ አሮጌው ቆሞ ልጅ እግሩ የለም። መንደሩ ሳሩን አጭዶ እንዲወስድ ፈቅደሽ ከብቱን ከከለከልሽ ይስማማሉ።

ሴት ናት፣ ልጅ ናት ብለው ሊያልፉሽ የሚሞክሩ ይኖራሉ። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ተናገሪ፣ ከሐሳብሽ ግን ንቅንቅ አትበዪ። ማታ ብርዱ ከባድ ነው፤ የእህትሽን ጃኬት ልበሽው፣ ለማማር አይደለም። ቁርስ ሳትበዪ ወደ ገደሉ አትውረጂ።

እነዚያን የሁለቱን ዛፎች ዘር አትጣይው፤ ለብቻው አስቀምጪውና እንደ 2 እናት ቁጠሪው። 28 ይቀርሻል። ኮታው አነሰ ቢሉሽ ይነስ፣ ዘር ከአንድ ዛፍ አትልቀሚ። ለየዛፉ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውንና የዛፉን ቁጥር ጽፈሽ ከከረጢቱ ውስጥም ከውጭም አድርጊ።

ከበርበሬው ሥር ምላጭ፣ 30 የአቡጀዲ ከረጢትና እርሳሶች አሉ። ላስቲክ ውስጥ ዘር እንዳታቆዪ፣ አልቦት ይሻግታል። እርሳስ የላክሁልሽ የእስክሪብቶ ጽሑፍ በጉሙ እርጥበት ስለሚለቅ ነው።

አባትሽ