ስምሽን ጻፊ ልጄ

የኔ ዓለም እንዴት ሰነበትሽ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ የአባትሽ ጉልበትም ተሽሎት ለቁስቋም ንግስ እስከ ላይ በእግሩ ወጣ። ስልክ ስለማታነሺ ነው በቴሌግራም የምጽፍልሽ።

የአክስትሽ ልጅ ነገረችኝ። እሷን እንዳትቆጫት፣ እኔ ነኝ ያወጣጣኋት። የውሀውን ፕሮጀክት ናሙና ስትለቅሚ ከርመሽ፣ ላብራቶሪ ስታመሺ ከርመሽ፣ ሪፖርቱንም አንቺው ጽፈሽ ፖስተሩ ላይ የዛ የቡድንሽ ልጅ ስም ብቻ ነው አሉ ያለው። እሱ ቆሞ አቀረበ፣ አንቺ ከኋላ ሆነሽ አጨበጨብሽ። "ምን ችግር አለው እማ፣ ማርኩ እኮ እኩል ነው" ልትይኝ ነው አውቅሻለሁ። ችግር አለው። የሰራሽው ላይ ስምሽን ጻፊ።

ይሄን ሁሉ አመት ባዮሎጂ ሳስተምር የዲኤንኤን ቅርጽ ማን አገኘው ስል ዋትሰንና ክሪክ የማይለኝ ተማሪ የለም፣ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ስላቸው ግን "ቲቸር እሱ ደሞ ማነው" ይሉኛል። እሱ! ፎቶ 51 የሚባለው የዲኤንኤ የኤክስሬይ ምስል በፈረንጅ 1952 እሷና ተማሪዋ ሲሰሩ የተነሳ ነው፣ ሳታውቅ ለዋትሰን አሳዩት፣ በ1958 በ37 አመቷ በካንሰር ሞተች፣ በ1962 ሶስት ወንዶች ኖቤሉን ተቀበሉ። እሺ እሷስ ሞታ ነበር። ጆሴሊን ቤልስ? በ1967 ካምብሪጅ ውስጥ የ24 አመት ተማሪ ሆና ከዛ ሁሉ ሜትር የግራፍ ወረቀት መሀል አንዲት ትንሽ ምልክት አይታ አልለቅም ብላ ነው ፑልሳር፣ ያ የሬዲዮ ምልክት በየቅጽበቱ የሚልከው ኮከብ፣ የተገኘው፣ በ1974 ኖቤሉ ለአስተማሪዋ ተሰጠ። ግን ግኝቱ የወጣበት ጽሁፍ ላይ ስሟ ሁለተኛ ሆኖ ሰፍሮ ነበር፣ ማንም ሊፍቀው አልቻለም፣ እስከዛሬ ሰው የሚሟገትላት በዛ ነው። በ2018 የ3 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ሲሰጧት ሁሉንም ፊዚክስ ለሚማሩ እድል ላላገኙ ልጆች አዋለችው። ስሟ ባይሰፍር ማን ይፈልጋት ነበር?

ትህትና ነው እንዳትይኝ። እቴጌ ምንትዋብ ከቋራ መጥተው ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ከኢያሱ ጋር ያስተዳደሩ፣ ቁስቋምን ያሰሩ ሴት ናቸው፣ ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴን ሲያሰሩ እመቤታችን እግር ስር ተደፍተው ራሳቸውን አስሳሉ። ተደፍተዋል፣ ግን ስዕሉ ውስጥ አሉ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስም የአፄ ሱስንዮስን ካቶሊክነት እምቢ ብላ ባሏን ትታ መንና፣ ከሞተች 30 አመት በኋላ በፈረንጅ 1672 ገድሏ ባይጻፍ ዛሬ ማን ያውቃት ነበር። እዚሁ ጎንደር አጠገብ ወለቃ መንገድ ዳር የኖሩት ሸክላ ሰሪዎች እናቶች ግን፣ ስራቸውን ቱሪስት በሻንጣ ይዞት ሄደ፣ ስማቸውን የያዘው የለም።

አያትሽን እናኑን በጠላዋ ነው የምታውቂያት። መሠረተ ትምህርት በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ሀሁ አታውቅም ነበር። እንደምንም ማንበብ እንደቻለች ጠላ ቤቱን ማታ ማታ ክፍል አደረገችው፣ መደቡ ላይ ሴቶቹ ይደረደራሉ፣ እኔ ኩራዝ እይዛለሁ፣ እሷ በሩ ላይ በከሰል ትጽፋለች። ባሎቻቸው ስፌት ሊሰፉ የሄዱ እንዲመስላቸው እያንዳንዷ አክርማዋንና ወስፌዋን ይዛ ነበር የምትመጣው፣ ደሞ እየሰፉ ነበር የሚማሩት፣ በአንድ እጅ ሰፌድ በአንድ እጅ ፊደል። አንዷ ከወታደር ልጇ የመጣ ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ያነበበች ማታ ቤቱ እንዴት እንዳለቀሰ አልረሳውም። የምስክር ወረቀት የተሰጠ ቀን ታዲያ ስሙ የተጠራው አስተባባሪ የተባለው ሰውዬ ነው፣ ሰው ሊቆጥር ብቅ ከማለት በቀር ጠመኔ ያልያዘ። እልልታውን የጀመረችው እናኑ ነበረች። "ዋናው ማንበባቸው ነው" አለች። ስታርፍ የህይወት ታሪኳን አጎትሽ ጽፎ ቀብሯ ላይ ሲነበብ "ጠላ በመሸጥ ልጆቿን ያሳደገች" ይላል፣ አለቀ። ያስተማረቻቸው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እዛው ቆመው ነበር፣ የጠየቃቸው የለም። እስከዛሬ ያንገበግበኛል። እና አንቺ ደሞ ከሷ ዘር መጥተሽ "ማርኩ እኩል ነው" ትይኛለሽ!

አሁን ስሚኝ። ልጁን አትሳደቢ፣ አትጣይው፣ የሰው ልጅ ነው። ሰኞ ጠዋት አስተማሪያችሁ ቢሮ ሂጂና የላብ ደብተርሽን አሳዪው። ደብተርሽ ላይ በየገጹ ቀን አለ አይደል? ከሌለ ካሁን ጀምሮ ጻፊ፣ ቀንና ስምሽን። ፋይሉን ለራስሽ በኢሜል ላኪው። ፖስተሩ ታርሞ እንዲታተም ጠይቂ፣ እምቢ ካሉ በጽሁፍ ጠይቂ፣ እሱም ላይ ስምሽን ጻፊ። ፍኖተ ሰላም ተወልደው በእጽዋት በሽታ የተመራመሩት፣ በፈረንጅ 2014 የሎሪያል ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ያገኙት፣ ናይሮቢ ያለውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል የመሩት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ እኮ ከኛው ሰፈር ማዶ ናቸው፣ ያንቺኑ አይነት ላብራቶሪ ገብተው ነው።

ያ ሳል ለቀቀሽ? ጋቢውን ልበሺ፣ ለመሸፈኛ አይደለም የሰጠሁሽ። ከጎረቤት ልጅ ጋር በሶና በርበሬ ልኬያለሁ፣ ሀሙስ ማታ ትገባለች፣ መናኸሪያ ድረስ ሄደሽ ተቀበያት፣ በርበሬውን ለዶርም ሁሉ አታድይው። የኔ ሆድ እወድሻለሁ፣ ስቆጣሽም እወድሻለሁ። ሰኞ ማታ እደውላለሁ፣ አንሺ፣ አስተማሪው ምን እንዳለሽ ትነግሪኛለሽ።

እናትሽ