ልጆቻችን ኮፍያ ላይ ያለው ወፍ ደጃችን ላይ ነው

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፤

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የኛ ልጆች ጥቁርና ብርቱካናማ ወፍ ያለበት ኮፍያ አድርገው ነው የሚውሉት። የባልቲሞር ቤዝቦል ቡድን ኮፍያ ነው። ወፉ ግን ለአርማ ተብሎ የተፈጠረ ካርቱን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ከወላጆችም «እንዴ፣ የእውነት ወፍ ነው?» ያሉኝ አሉ። አዎ፣ የእውነት ነው። በየዓመቱ ፋሲካ ሰሞን ከመካከለኛው አሜሪካ ድረስ በርሮ ይመጣና እዚሁ መኪና ከምናቆምበት ዛፍ ላይ ጎጆውን ይሠራል። ዘንድሮ እንዳያመልጣችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ባልቲሞር ኦሪዮል ይባላል። ከ1947 ጀምሮ የሜሪላንድ መለያ ወፍ ነው። ስሙ የመጣው ሜሪላንድን ከመሠረቱት ከባልቲሞር ሎርዶች ነው፤ የቤተሰቡ አርማ ጥቁርና ወርቃማ ነበር፣ ዛሬም የግዛቱ ባንዲራ ላይ አለ። ወንዱ ራሱና ጀርባው ድፍን ጥቁር ነው፣ ደረቱና ሆዱ ደግሞ ደማቅ ብርቱካናማ፣ ክንፉ ላይ ነጭ መስመር አለው። ሴቷ ደብዘዝ ትላለች፣ ወደ ቢጫ ታደላለች። ገና አንድ ዓመት የሞላው ወንድም እሷን ስለሚመስል ቢያምታታችሁ አይግረማችሁ።

ይሄን ያህል ደማቅ ሆኖ ብዙ ሰው የማያየው ለምንድን ነው? ከፍ ብሎ ስለሚውል ነው። ረጃጅም ዛፍ ጫፍ፣ ቅጠል ውስጥ። ስለዚህ በዓይን ከመፈለግ በጆሮ መፈለግ ይሻላል፤ ጥርት ያለ፣ ወፈር ያለ ፉጨት ነው፣ ሁለት ሦስት ድምፅ ያወጣና ቆም ይላል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ትልልቅ ሲካሞር ዛፎች ያሉበት ወንዝ ዳር፣ ለምሳሌ በፖቶማክ ዳር ያለው የሲ ኤንድ ኦ ካናል መንገድ ላይ ጠዋት ወጣ ብትሉ ሜይ ውስጥ አታጡትም።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ጎጆው ነው። የምትሠራው ሴቷ ናት። ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ፣ ነፋስ በሚያወዛውዘው ቦታ፣ የተንጠለጠለ ከረጢት ትሠራለች። መጀመሪያ ረጃጅም የተክል ጭረት አምጥታ ቅርንጫፉ ላይ ትጠመጥማለች፤ ከዚያ ተዘቅዝቃ በምንቃሯ አንዱን ክር በሌላው ውስጥ ታስገባለች፣ ትስባለች፣ ደግሞ ትወጋለች። ቋጠሮዋ ሥርዓት ያለው አይመስልም፣ ግን ይጠብቃል። በመጨረሻ ውስጡን በለስላሳ ነገር ታነጥፈዋለች። ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል፣ ዝናብ ከበዛ ከዚያም ይረዝማል። ቅጠሉ ሲረግፍ በኖቬምበር ቀና ብላችሁ እዩ፣ ግራጫ ከረጢት ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ካያችሁ የሷ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ወደ በረንዳችሁ እንዲመጣ ከፈለጋችሁ ብርቱካን ለሁለት ቁረጡና ኤፕሪል የመጨረሻ ሳምንት ላይ የተቆረጠውን ፊት ወደ ውጭ አድርጋችሁ ከበረንዳው ብረት ጋር በሽቦ እሰሩት። በጣም ሲቀርብ አበላሉን ማየት ነው! ምንቃሩን ገጥሞ ብርቱካኑ ውስጥ ይሰካዋል፣ ከዚያ ውስጥ እንዳለ ይከፍተዋል፤ ፍሬው ይቀደድና ጭማቂው ሲሞላ ጫፉ ብሩሽ በሆነው ምላሱ ይልሰዋል። ማር እንዳትሰጡት፣ ቶሎ ስለሚሻግት ያሳምመዋል። የብርቱካኑንም ቁራጭ በየቀኑ ቀይሩ። ጫጩት ከፈለፈለ በኋላ ብርቱካኑን ቢተወው ቅር አይበላችሁ፣ ያኔ የሚፈልገው ነፍሳት ነው። ብዙ ወፍ የሚሸሸውን ባለፀጉር አባጨጓሬ እንኳን ይበላል። ዛፍ ላይ አባጨጓሬ አየሁ ብሎ መድኃኒት የሚረጭ ሰው የዚህን ወፍ ምግብ ነው የሚያጠፋው።

በነገራችን ላይ ሀገር ቤትም ኦሪዮል አለን። ጥቁር ራስ፣ ቢጫ ገላ፣ ቀላ ያለ ምንቃር ያለው የደጋ ጫካ ወፍ ነው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የትም አይገኝም። ከአሜሪካው ጋር ግን የሥጋ ዝምድና የላቸውም፤ የአሜሪካው ዘመዶች እዚህ ረግረግ አካባቢ የምናያቸው ባለቀይ ክንፍ ብላክበርዶች ናቸው።

ዝምድናው ባይኖርም ቡና ያገናኘናል። ባልቲሞር ኦሪዮል የብርዱን ወራት ሜክሲኮ፣ መካከለኛው አሜሪካና የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ነው የሚያሳልፈው፣ ከሚወዳቸውም ቦታዎች አንዱ በጥላ ዛፍ ሥር የተተከለ የቡና ማሳ ነው። ከጥላው ዛፍ አበባ ማር ይቀስማል፣ ነፍሳትም ይለቅማል። ዛፉ ተመንጥሮ ቡናው ለፀሐይ ሲጋለጥ ይሄ ሁሉ ይቀርበታል። ጥላ ዛፍ ሥር ቡና ማብቀልን ከጅማና ከከፋ የምናውቀው እኛ ስለሆንን ነገሩ ቶሎ ይገባናል ብዬ አምናለሁ። ዋሽንግተን የሚገኘው ስሚዝሶኒያን የተባለው የሙዚየምና የምርምር ተቋም ለወፍ ተስማሚ ለሆነ ቡና የሚሰጠው የምስክር ወረቀት አለ፤ የላቲን አሜሪካ ቡና የምትገዙ ከሆነ ማሸጊያው ላይ ያንን ምልክት ፈልጉ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልምጣ። እኛ ሕንፃ ላይ ዛፍ የሚከረክሙት ጁን ውስጥ ነው። ጎጆ ያለበት ቅርንጫፍ በመጋዝ ሲወርድ አይቻለሁ፣ እናትየው ከሽቦው ላይ ሆና እየጮኸች። ሠራተኞቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ቀና ብሎ እንዲያይ የነገራቸው የለም። ሕጉ ግን አለ፤ በ1918 በወጣው የፍልሰተኛ ወፎች ሕግ መሠረት ዕንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን ጎጆ ያለፈቃድ ማፍረስ ክልክል ነው። ኦሪዮሎቹ በአብዛኛው ኦገስት ላይ መሄድ ይጀምራሉ። ክርከማው እስከ መኸር ቢቆይ ማንም ምንም አይጎድልበትም።

ስለዚህ አፓርታማ የምትኖሩ ሁሉ ከኤፕሪል በፊት ለአስተዳደሩ አጭር ኢሜይል ጻፉ፦ የክርከማው ጊዜ መቼ ነው፣ ወደ ሴፕቴምበር መግፋት ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ። የዝግጅት ክፍሉም ከፋሲካው እትም ጋር የወፉን ፎቶ፣ የወንዱንም የሴቷንም፣ ቢያወጣልን ብዙ ቤተሰብ ቆርጦ ፍሪጅ ላይ ይለጥፈዋል።

አክባሪያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ