ስለ ጨጓራሽ ውጤትና ስለ ድመቷ

ደሴ

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን፤ የጦሳ ተራራም እንደ ልማዱ ጉሙን ተከናንቦ ውሏል። የላክሽልኝን የምርመራ ውጤት መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የሰገራው ምርመራ ባክቴሪያ የለብሽም ብሎሽ ሳለ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባው ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከጨጓራሽ የተወሰደው ናሙና አለብሽ ማለቱ ግራ እንዳጋባሽ ጽፈሻል። ዕድሜውን ባዮሎጂ ሲያስተምር የኖረ አባት ይህን በስልክ በሁለት ቃል ሊያልፈው ስለማይገባ ብዕር አነሣሁ።

ሁለቱም ውጤቶች እውነት ናቸው። የሰገራው ምርመራ የሚፈልገው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን፣ አገራችንን የሞላውን የጨጓራ ባክቴሪያ ነው። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሐኪሞች በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ በ1982 እ.ኤ.አ. በቤተ ሙከራ እስኪያሳድጉት ድረስ የጨጓራ ቁስል የጭንቀትና የቅመም በሽታ ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ ማርሻል የሚያምነው ቢያጣ በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመ፣ በ2005 ደግሞ ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እኔም በጎልማሳነቴ የታዘዘልኝ በርበሬ መተውና ተልባ መጠጣት ብቻ ስለነበር፣ በየሰርጉ አልጫ ለብቻው የሚቀርብለት እንግዳ ሆኜ ስንት ዓመት እንዳሳለፍሁ እናትሽን ጠይቂያት።

በአንቺ ናሙና ላይ የታየው ግን የፓይሎሪ ዘመድ የሆነው ሄሊኮባክተር ሃይልማኒ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ከሰው ጨጓራ ሲገለጽ ሌላ ስም ነበረው፤ የዛሬውን ስሙን ያገኘው በሽታውን በ39 ታማሚዎች ላይ አጥንተው በ1991 ውጤቱን ካሳተሙት ሁለት ተመራማሪዎች አንዱ ከሆነው ከጀርመናዊው ፓቶሎጂስት (ከሰውነት የተወሰደ ናሙና ከሚመረምረው ሐኪም) ከኮንራድ ሃይልማን ነው። ከፓይሎሪ ይረዝማል፤ መልኩም እናትሽ ስትፈትል ከመጠን በላይ የከረረው ክር ሲላላ ወደ ራሱ እየተጠማዘዘ የሚሰበሰበውን ይመስላል። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ሊለየው የቻለው በዚህ ጥምዝምዙ ነው። በአብዛኞቹ አገሮች ናሙና ከሚወሰድላቸው ሰዎች ከ1 በመቶ በታች በሆኑት ላይ ብቻ የሚገኝ፣ በቤተ ሙከራ ማሳደጉም እጅግ የሚያስቸግር ፍጥረት ስለሆነ ለፓይሎሪ የተሠራው ምርመራ ቢስተው አያስደንቅም፤ በጨጓራ ግድግዳ ላይ በቁጥር አንሶ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ስለሚቀመጥም የትንፋሽ ምርመራው ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

«ካንሰር ያመጣል ወይ?» ላልሽው፣ እውነቱን ሳልሸፍን ልንገርሽ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስከትለው የጨጓራ ብግነት ከፓይሎሪው የቀለለ ነው፤ አንዳንዴ ቁስል፣ አልፎ አልፎም ማልት ሊምፎማ የሚባለውን የጨጓራ ካንሰር ያስከትላል። ይሁን እንጂ በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ይህ ሊምፎማ የያዛቸው አምስት ታማሚዎች ባክቴሪያው በመድኃኒት ሲጠፋላቸው ዕጢውም ጠፍቶላቸዋል። በአንቺ ናሙና የተጻፈው ብግነት ብቻ ነውና አብሽሪ።

ከየት መጣ ለሚለው፣ ዘመዶቹ በውሻ፣ በድመትና በአሳማ ጨጓራ ውስጥ ይኖራሉ፤ ጣሊያናዊው ቢዞዜሮ ጠምዛዛ ባክቴሪያዎችን በውሻ ጨጓራ ያየው ገና በ1893 እ.ኤ.አ. ነበር። ወደ ሰው የሚተላለፈው ከእንስሳት እንደሆነ ይታመናል። አሳማ በደጃችን አልዞረም፤ ድመት ግን፣ መቼስ አንክድም፣ ካንቺ ሳህን እየላሰች ነው ያደገችው። ቢሆንም አንቺን ያስያዘችሽ እሷ ናት ብሎ መፍረድ የሚቻል አይደለም።

ሐኪሙ ያዘዙልሽን አሲድ መቀነሻና ሁለቱን አንቲባዮቲኮች ሕመሙ ቢተውሽ እንኳ እስከ መጨረሻው ቀን ውሰጂ። ሲያልቅ «በሰገራ እናረጋግጥ» የሚልሽ ቢኖር፣ መጀመሪያውንም ያላየው ምርመራ መጥፋቱን ሊመሰክር እንደማይችል በትሕትና አስረጂና ናሙና በድጋሚ ስለ መውሰድ ከሐኪምሽ ጋር ተማከሪ።

እናትሽ ደብዳቤሽን ከሰማች ወዲህ ድመቷን ከማድ ቤት አባርራታለች። እኔ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ በጓሮ በር አስገባታለሁ፤ ሳህን ግን አላስነካትም።

አባትሽ